በገጹ መጨረሻ ያለችው ባዶ ክፍል

ኅዳር 3

ቀጮ፣

ደህና ነህ ወይ? ጥቅሉ ከገባ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ደብዳቤዬ ዘግይቶብህ ስትጨነቅ እንደሰነበትክ አውቃለሁና ይቅር በለኝ። አልራሰም፣ አልታጠፈም። ገመዱን እንዴት አድርገህ እንደቋጠርከው እንጃ፣ እሱን መፍታት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። መቀስ አንሺ አሉኝ፤ እምቢ አልኩ። ደህና ገመድ ነው። ገጾቹን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት። የስድስት ዓመት ሥራህ አንድም ሳይጎድል ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል።

የጠየቅከኝን በተራ ልመልስ። አዎ፣ እንዲጫወት ተወስኗል። ሚያዝያ መጨረሻ፣ እሑድ ከሰዓት። ብቻውን ግን አይደለም፤ መጀመሪያ የሽማግሌው ሦስተኛ ሲምፎኒ፣ ቀጥሎ የአንተ የመጀመሪያው። ያሰበው አዲሱ የኦርኬስትራ መሪያችን ነው። ሰውየው ገና የኛን አነጋገር ስላልለመደ፣ ሁላችን "ሽማግሌው፣ ሽማግሌው" ስንል ሰምቶ፣ "ታዲያ ለዕለቱ ከፊት ወንበር እንያዝላቸው?" አለኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ፣ "ከሞተ መቶ ዐርባ ዓመት አለፈው፤ አንተ በስሙ የምትጠራውን ደራሲ እኛ ሽማግሌው ነው የምንለው" አልኩት። የሦስተኛው ሲምፎኒ ሙሉ ጥራዝ እንደ ድሮው ነው። አልታተመም። ያለው በገዛ እጁ የጻፈው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም እዚሁ ኖታ ቤት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።

የአንተን ለየተጫዋቹ መገልበጥ ጀምሬአለሁ። ሌላው ገልባጭ ከቫዮሊን ይጀምራል፤ እኔ ከቪዮላ። ምክንያቱን ታውቃለህ። የመጀመሪያ ሥራዬ የሽማግሌው ሦስተኛ የቪዮላ ኖታ ነበር፤ ከዚያ የተረፈችኝ አንድ ገጽ እስከ ዛሬ ከጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች። ደግሞ አንተም እዚህ ሳለህ ቪዮላ ተጫዋች ነበርክ።

በሁለት ቁም መስመር መሃል ያለውን "ክፍል" እያልኩ ስጠራ ስትስቁብኝ ትዝ ይልሃል? የጽዳት ሠራተኛ ስለነበርኩ ነው፤ ሰው ያለበት ክፍል፣ ባዶ ክፍል። ዛሬ ሁሉም እንደኔ ነው የሚለው። አዲሱ መሪ ሳይቀር "ከሠላሳኛው ክፍል እንነሣ" ይላል።

አሁን የምነግርህን ሰምተህ ሳቅ። አንደኛውን ምዕራፍ ስገለብጥ ቪዮላዎቹ ለአንዲት ክፍል ዝም አሉ። ገርሞኝ ወደፊት ገለጥኩ። በሁለተኛው ምዕራፍ ቼሎዎቹም አብረዋቸው ዝም። በሦስተኛው ክር ያለው መሣሪያ ሁሉ። በአራተኛው ኦርኬስትራው እንዳለ፣ ከበሮው ሳይቀር፣ አንድ ሙሉ ክፍል ጸጥ። ብዕሬን አስቀመጥኩና "አይ ቀጮ፣ ይቺንስ ከየት እንዳመጣሃት አወቅኩብህ!" አልኩ። የሽማግሌው ናት። የሦስተኛው ሲምፎኒ ሁለተኛ ምዕራፍ፣ ቪዮላዎቹ ዝም የሚሉባት ቦታ። ገና ሳያት ነው የለየኋት። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ይዘሃት መዞርህ ልቤን አሞቀው።

ጉልበቴ ደህና ነው። ቀዝቃዛው ሲገባ ብቻ ያጉረመርማል።

እትዬ ቀለም


ኅዳር 19

እትዬ፣

ሰላምታዬ አጭር ስለሆነ አትቀየሚኝ።

ገና ሳያት ነው የለየኋት ትያለሽ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ደብዳቤሽን ይዤ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ፤ ሚስቴ "ማን ሞተ?" እስክትለኝ ድረስ። እትዬ፣ እኔ የራሴ መስላኝ ነበር! ስድስት ዓመት ሙሉ እየቆፈርኩ ያወጣኋት መስላኝ ነበር። አንቺ ስትጠሪያት ነው ያየኋት። ልክ ነሽ፣ እሷው ናት፤ ያቺው ቦታ፣ ያው ድንገተኛ ዝምታ።

አንዲት ጌጥ ብትሆን አውጥቼ እጥላት ነበር። ግን ሲምፎኒው በሙሉ የቆመው በእሷ ላይ ነው። እያንዳንዱ ምዕራፍ ወደ እሷ ይሄዳል። እሷን ካነሣሁ የሚቀረኝ ሁለት መቶ ገጽ የትም የማይደርስ መንገድ ነው። አንቺ ከለየሻት የቪዮላ አለቃችን ሻለቃም ይለያታል፣ ቪዮላዎቹ ሁሉ ይለዩአታል። የሽማግሌውን ተጫውተው ወዲያው የኔን! አዳራሹ ገና ሳይቀዘቅዝ፣ ሌባው ከነዕቃው ሊያዝ ነው።

ስለዚህ መገልበጥሽን አቁሚልኝ። ለመሪው ጽፌ አስቀረዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ቁም ሣጥኑን ክፈቺና ጥራዙን እዪልኝ። እዚያች ቦታ ሽማግሌው ምን አድርጓል? ዝምታው አንድ ሙሉ ክፍል ነው ወይስ ግማሽ? ክላርኔቱና ሆርኑስ እኔ እንደማስታውሰው ናቸው? እኔ እንደማስታውሰው ከሆነ ሥራዬን በመጣበት ገመድ አስረሽ መልሺልኝ።

ቀጮ ማለትሽንም ተዪ፤ ሆዴን ብታዪው ታፍሪ ነበር።

ያው ቀጮ


ታኅሣሥ 2

ቀጮ፣

ለሚስትህ ሰላምታ ንገርልኝ። ያስደነገጥኳት እኔ ነኝና እሷንም ይቅርታ ጠይቅልኝ። በደስታ የጻፍኩት ነገር እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

ስለ ጥራዙ፣ ገና አላየሁትም። ቁልፉ መሪው ጋ ነው፤ መሪው ደግሞ መንገድ ሄዷል። መቼ እንደሚመለስ አልነገረንም። እንደተመለሰ አያለሁ።

መገልበጡን አቁሜአለሁ፤ ሥራህን ግን አልላክኩም። ዝናብ በዝቷል፣ መንገዱ አይታመንም። ሁለት ሳምንት ታገሠኝ።

እዚህ ሁሉ ደህና ነው። ሻለቃ እንደ ወትሮው የቪዮላ አለቃ ብቻ ሳይሆን የሕንጻው አለቃ ነኝ ባይ ሆኗል። ትናንት የኖታ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ "ቀለም፣ ምነው ፊትሽ ጠቆረ? ብዕሩ ወደ ላይ ተደፋብሽ እንዴ?" አለኝ። ማሞቂያው ነው፣ ጭሱ ነው አልኩት። "ማሞቂያው የኤሌክትሪክ ነው" አለኝና ሄደ። በመስኮቱ በኩል ያለው ዛፍ ቅጠሉን ጨርሷል፤ አሁን ከጠረጴዛዬ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ይታየኛል።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ቸኩለህ ምንም አታድርግ።

እትዬ ቀለም


ታኅሣሥ 14

እትዬ፣

አንቺ ውሸት አልለመድሽም፤ ስለዚህ ስትዋሺ ጽሑፍሽ እንኳ ይለወጣል። "መንገዱ አይታመንም" የምትለዋ ላይ ፊደሎቹ ወደ ግራ ተጋድመዋል። ደግሞ መሪው ባለፈው ሳምንት ጽፎልኛል፤ ከልምምድ አዳራሹ ወጥቶ እንኳ እንደማያውቅ ነው የሚነግረኝ።

አልተቆጣሁም። አይተሽዋል ማለት ነው። አይተሽ፣ እኔ ከማስታውሰውም የባሰ ሆኖ አግኝተሽው፣ ልትነግሪኝ ጨንቆሻል። አይጨነቅሽ። ይልቅ ያቺ ቦታ ለኔ ምን እንደነበረች ልንገርሽ፤ ከዚያ ነገሩ ይዘጋል።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ከመጨረሻው ወንበር፣ ከግድግዳው ሥር። ቪዮላ መሃል ነው እትዬ። ላይ ዜማው አለ፣ ታች መሠረቱ አለ፣ አንቺ መሃል ሆነሽ ትሞያለሽ። ማንም አይሰማሽም፤ አንቺም ራስሽን ስለምትሰሚ ሌላውን አትሰሚም። ያን ቀን እዚያች ክፍል ስንደርስ ደጋኔን አነሣሁ። ዝም አልን። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦርኬስትራ ሰማሁ። ክላርኔቱ ከላይ ብቻውን፣ ሆርኑ ከታች፣ በመካከላቸው እኔ የነበርኩበት ባዶ ቦታ። ወለሉ ከሥሬ ተነሥቶ ቤቱ ያልፈረሰ መሰለኝ። መሃሉ ምን ይዞ እንደኖረ ያወቅኩት ሲለቅ ነው። ደራሲ የሆንኩት ያን ቀን ነው፤ የጻፍኩትም ሁሉ ያቺን ክፍል ለማስረዳት ነው።

ለካ የተማርኩት ሳይሆን የወሰድኩት ነው። ለመሪው የሚላከውን ደብዳቤ ጽፌ ጨርሻለሁ። በሃያ አምስት ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ። አንቺን ለመጠበቅ ያህል ነው እስከዚያ ያቆየሁት።

ቀጮ


ታኅሣሥ 20

ቀጮ፣

ይህን ደብዳቤ ለፖስታ ቤት አላመንኩትም። ሆርን ነፊያችን እናቱን ሊጠይቅ ወዳንተ ከተማ በባቡር ይሄዳል፤ በእጅህ ሳይሰጥህ እንዳይመለስ አስምዬዋለሁ። አንብበህ ሳትጨርስ ወደ ፖስታ ቤት እግርህን አታንሣ።

ስለ ቁልፉ ዋሽቼሃለሁ። ቁልፉ እንደ ወትሮው አንገቴ ላይ ነበር። ይቅርታዬን ላስቀድም ብል የቀረውን ለመጻፍ ድፍረቱ ያልቅብኛልና ነገሩን ላስቀድም።

የኅዳሩ ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት ጠዋት ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ሽማግሌው ዝም አላለም።

በዚያች ክፍል ውስጥ ቪዮላዎቹ ይጫወታሉ። አንድ ረጅም ድምፅ፣ ከዚያ ሦስት ድምፅ ወደ ታች፣ ደረጃ በቀስታ እንደሚወርድ ሰው። በገዛ እጁ፣ ስርዝ ድልዝ ሳይኖርበት። መነጽሬን ወልውዬ እንደገና አየሁት። ከዚያ ቀና ብዬ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን ገጼን አየሁ። በቀኝ በኩል ከታች፣ በገጹ መጨረሻ፣ ባዶ ክፍል። በኔ እጅ።

ዝም ያሰኘኋችሁ እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፤ ኖታ የተማርኩበትን መንገድ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ኖታ የተማርኩት ከቆሻሻ ቅርጫት ነው። ያኔ የኖታ ቤቱ ኃላፊ የነበረው አለቃዬ የተበላሸበትን ወረቀት አራት ቦታ ቀዶ ይጥላል፤ እኔ ስጠርግ እለቅማለሁ። ቁርጥራጮቹን ቤቴ ወስጄ እገጣጥማለሁ፤ ልምምድ ሲኖር ኮሪደሩን እየወለወልኩ በጆሮዬ አመሳክራለሁ። ደንቡን የነገረኝ የለም፣ ራሴ አወጣሁት። ካወጣኋቸው ደንቦች ብዙዎቹ ልክ ሆነው ተገኙ። አንዱ ይህ ነበር፦ የቀኝ ታችኛው ጥግ የሆነ ቁራጭ ባገኘሁ ቁጥር የመጨረሻዋ ክፍል ባዶ ናት። ሁልጊዜ። እኔም ዓረፍተ ነገር በአራት ነጥብ እንደሚዘጋ፣ ገጽም በባዶ ክፍል ይዘጋል ብዬ ያዝኩ።

ለካስ አለቃዬ አስልቶ ነው። ተጫዋቹ እጁ ነፃ ሆኖ ገጹን እንዲያዞር፣ ዕረፍቱ ገጹ መጨረሻ ላይ እንዲውል አመቻችቶ ይጽፋል። ምክንያቱን የተረዳሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ጥጉን ብቻ ነበር።

በዚያው ዓመት የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ የሦስተኛው ሲምፎኒ የቪዮላ ኖታ ሟሟ። አለቃዬ ዓይኑ ደክሞ ስለነበር፣ "እስቲ አንቺ ሞክሪው" አለኝ። ከጥራዙ ገለበጥኩ። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ገጼ ሲያልቅ የደረስኩባት ክፍል ባዶ አልነበረችም። ሽማግሌው የተሳሳተ መሰለኝ። አስበው ቀጮ! መጥረጊያ ካስቀመጥኩ ሳምንት ያልሞላኝ ሴት፣ አርጅቶ ረስቶት ነው ብዬ ሽማግሌውን አረምኩት። ከዚያ የቀሩትን ቅጂዎች ከራሴው ቅጂ ገለበጥኩ፤ ስህተቴ ወንበር ለወንበር ተዳረሰ። አለቃዬ ገጹን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ "እጅሽ ያምራል" አለኝ። መጥረጊያውን የተውኩት በዚያ ገጽ ነው።

የድሮው መሪ አንድ ጊዜ ልምምዱን አቁሞ፣ "ቪዮላዎች! በለሆሳስ መጫወት ማለት እንዲህ ነው፣ ያላችሁም አትመስሉም!" ብሎ ያመሰገናችሁን ታስታውሳለህ? ሻለቃ እስከ ዛሬ ይኮራበታል።

ስለዚህ ከሽማግሌው አልሰረቅክም። እሱ ጋ ያልነበረ ነገር ከእሱ ሊሰረቅ አይችልም። ከኔም አይደለም፤ እኔ ጥግ ሞላሁ እንጂ ሙዚቃ አልጻፍኩም። ከዚያች ጥግ ሲምፎኒ የሰማህ አንተ ነህ።

ከሽማግሌው የወሰድከውማ ሌላ ነው። ሁለታችሁንም ጎን ለጎን ዘርግቼ ስላየሁ እነግርሃለሁ። ሽማግሌው ዜማ ለጀመረው አያስጨርስም፤ ቫዮሊኑ ያነሣውን ሆርኑ ይቀበላል፣ ሆርኑ ያጋመሰውን ባሶቹ ያሳርፉታል። አንተም እንዲሁ ነህ። ከበሮውንም እንደ እሱ አስጠብቀህ አስጠብቀህ ነው የምታስናግረው። ይህ በገጽህ ሁሉ ላይ አለ፤ ማንም ግን ስርቆት አይለውም። የአጎቱን አረማመድ የያዘ የወንድም ልጅን ማን ሌባ ይለዋል?

ለምን ዋሸሽኝ ትለኝ ይሆናል። ሁለት ነገር ፈርቼ ነው። አንደኛው፣ "እትዬ ቀለም አትሳሳትም" እየተባልኩ ሃያ ሦስት ዓመት ኖሬአለሁ። እሱን ሦስት ቀን አልቅሼ ጨረስኩት። ሁለተኛው ግን እጄን ያዘኝ፤ ያቺ ዝምታ የጽዳት ሠራተኛ ስህተት መሆኗን ብታውቅ፣ ሲምፎኒው ከዓይንህ ይወድቅብህ ይሆን? ያለፈው ደብዳቤህ ባይመጣ ዛሬም አልጽፍልህም ነበር። የወለሉንና የቤቱን ነገር ሳነብ፣ ዝም ማለቴ ሲምፎኒውንም እንደሚገድለው ገባኝ።

እንዳልፈራ ብዬ መጀመሪያ ለመሪው ነገርኩት። ገጿን ከግድግዳው አውርጄ ጥራዙ አጠገብ አስቀመጥኩለት። ብዙ ጊዜ አየ።

"ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አላስተዋለም?"

"ቪዮላ ናቸው" አልኩት።

ሳቁ እስኪበርድለት ቆምኩ። ከዚያ፣ "የሽማግሌውን ይመልሱላቸው። የደራሲያችን ግን እንዳለች ትሁን፤ እሷ ከማንም ጥራዝ ውስጥ የለችም" አለኝ።

እንግዲህ ይቅርታህን እጠብቃለሁ። ሽማግሌው የጻፋትን ክፍል ከዚህ በታች ገልብጬልሃለሁ። አራት ድምፅ ናት። አሁን ልክ ናት፤ አምስት ጊዜ አመሳክሬአለሁ።

እትዬ ቀለም


ጥር 6

እትዬ፣

ምን ዓይነት ይቅርታ ነው የምትጠይቂኝ? ሆርን ነፊው በሩ ላይ ቆሞ "አንብበህ እስክትጨርስ አልሄድም፣ ምያለሁ" አለኝ። አንብቤ ስጨርስ ደግሞ ራሱ ፈርቶ ነበር፤ ስስቅ ያለቀስኩ መስሎት ውሃ አመጣልኝ። ምናልባት ሁለቱንም ነበርኩ። ለመሪው የጻፍኩትን ፖስታ "ቅደድልኝ" ብዬ ሰጠሁት። መጀመሪያ ቴምብሩን በጥንቃቄ ልጦ ኪሱ ከተተ፣ ከዚያ ቀደደው።

ከዓይኔ አልወደቀም። እንዲያውም አሁን ነው የማየው። እኔ የታላቅ ሰው ዝምታ እየሰማሁ መስሎኝ፣ ለካ የሰማሁት አንዲት ሴት ገጿን በሥርዓት ልትዘጋ ስትጠነቀቅ ነው።

አራቱን ድምፆች ዘፈንኳቸው። ያምራሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀናሁ። ግን ያኔ ተጽፈውልኝ ቢሆን ኖሮ ተጫውቼአቸው አልፍ ነበር፤ ሽማግሌውንም መስማት ሳልማር እቀር ነበር። ስለ ዜማው ያልሽው እውነት ነው፣ አላውቀውም ነበር። ሚስቴም አንብባው "የአጎቱ አረማመድ" እያለች ከወንበር በተነሣሁ ቁጥር ትስቅብኛለች።

መገልበጥሽን ቀጥዪልኝ። አንድ ጥያቄ አለኝ፣ እንቢ እንዳትዪ። በአራተኛው ምዕራፍ፣ ሁሉም ዝም በሚሉባት ክፍል ላይ ስምሽን መጻፍ እፈልጋለሁ። እዚያው ከመስመሩ በላይ፣ ተጫዋቹ ሁሉ እንዲያየው። ሰው ከየት እንዳገኘኋት ይወቅ።

እመጣለሁ። ሆዴን ለማየት ተዘጋጂ።

ቀጮ


ሚያዝያ 8

ቀጮ፣

ሦስት ወር ሙሉ መልስ ስላልሰጠሁህ ይቅርታ። ጽፌልህ የነበረው ሁሉ ኖታ ነው፤ ሌላ የምጽፍበት ጣት አልተረፈኝም። ሥራህ ተገልብጦ አልቋል። ሁሉም መሣሪያ የራሱን ይዟል።

የልምምዱን ወሬ ሻለቃ ቀድሞ እንደጻፈልህ ነግሮኛል፤ የሱን ግማሹን ብቻ እመን። ቪዮላዎቹ አዲሶቹን አራት ድምፆች ሲያዩ ተነሥተው እኔ ጋ መጡ። ሻለቃ ከፊት ሆኖ፣ "ቀለም፣ ሃያ ሦስት ዓመት የተጠቀምንበትን ዕረፍት ማን ፈቅዶልሽ ነው የምትነጥቂን? ገጹንስ በምናችን ልናዞረው ነው፣ በጥርሳችን?" አለኝ። አንድ ገጽ ለሁለት ትጋራላችሁ፣ አንዱ ሲያዞር ሌላው ይጫወት አልኩት። "ቪዮላ ይዘሽ ሳታውቂ ደንብ ልታስተምሪን!" አለኝና ራሱ ሳቀ። እውነቱን ነግሬአቸዋለሁ፤ ማንም አልሰደበኝም። ሲጫወቷት ደግሞ መሪው አቆማቸው። "ቪዮላዎች፣ ጮኻችሁ" አለ። ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ ተሰሙ ማለት ነው። ሻለቃ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው።

ገጿን ወደ ግድግዳዬ መለስኳት። መሪው "ለምን?" አለኝ። የተጻፈችበት እጅ ያምራል አልኩት።

ስለ ጥያቄህ። እንቢ። ስሜን አልጻፍኩም። አንተ በአዲስ ገጽ ላይ ጽፈኸው የላክኸውንም ስገለብጥ ዘልዬዋለሁ፤ ስህተት አይደለም፣ አውቄ ነው። ተጫዋች ሲጫወት ኖታ እንጂ የሰው ስም ማንበብ የለበትም።

ግን አንድ ነገር አድርጌአለሁ። አራተኛው ምዕራፍ ላይ የቪዮላዎቹን ኖታ ስገለብጥ፣ ሁሉም ዝም የሚሉባት ክፍል ከገጹ መሃል ላይ ልትወድቅ ነበር። ወረቀቱን ትቼ እንደገና ጀመርኩ። መስመሩን ትንሽ ሰፋ፣ ኖታውን ትንሽ ራቅ እያደረግኩ፣ በሦስተኛው ሙከራ ገጹ መጨረሻ ላይ፣ ቀኝ ጥግ ላይ አዋልኳት። እንደ አለቃዬ አስልቼ። ምንም አልጨመርኩም፣ ምንም አልቀነስኩም። የተበላሹትን ሁለቱን ወረቀቶች ቅርጫት ውስጥ አልጣልኳቸውም፤ አሁን ኮሪደሩን የምትጠርገው ሴት ልምምድ ሲኖር መጥረጊያዋን አቁማ ስትሰማ አይቻታለሁ። መጥረጊያዋን የምታኖርበት ቦታ ሳይቀደዱ አስቀመጥኩላት።

የዚያን እሑድ በግራ በኩል፣ ሦስተኛው መደዳ ላይ ተቀመጥ፤ ወንበር ይዤልሃለሁ። ሁሉም ጸጥ ሲሉ፣ ከበሮው ሳይቀር፣ ከቪዮላዎቹ በኩል የወረቀት ኮሽታ ትሰማለህ። ገጹን ሲያዞሩ ነው።

እሱ እኔ ነኝ።

እትዬ ቀለም